ምዕራፍ ሰባት፦ ወንዙ መቼ ይሞላል? ከጋምቤላ ወደብ እስከ ሉክሶር ቤተ መቅደሶች

በምዕራፍ አምስት የክረምት ዝናባችን ከየት እንደሚነሣና ለምን በሰኔ ገብቶ በመስከረም እንደሚወጣ አይተናል። በምዕራፍ ስድስት ደግሞ የወንዝን ውሃ መለካት ተምረናል። የወንዙን ስፋት በጥልቀቱ፣ የተገኘውን በውሃው ፍጥነት አባዝተን በአንድ ሴኮንድ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚያልፍ አሰላን። ያ ስሌት ግን ስለ አንድ ቀን ብቻ ይነግረናል። ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ድልድይ ላይ ቆሞ በመጋቢት የለካ ሰው በመስከረም ተመልሶ ቢለካ የአንድ ወንዝ ውጤት መሆኑን ማመን ይቸግረዋል። በመጋቢት የአሸዋ ደለሉ ብቅ ይላል፤ ውሃው ጠርቶና ሳስቶ ይወርዳል። በመስከረም ወንዙ ደፍርሶ ከዳር እስከ ዳር ይሞላል። የመስከረሙ ወርኃዊ ውሃ ከመጋቢቱ ከ10 እጥፍ በላይ ነው።

ይህ ምዕራፍ የሚያተኩረው በአንድ ሐሳብ ላይ ነው። አንድን ወንዝ ለማወቅ በዓመት ስንት ውሃ እንደሚያወርድ መጠየቅ አይበቃም፤ መቼ እንደሚያወርድም መጠየቅ አለብን። የውሃ አጥኚዎች ይህን የወንዝ የዓመት ጠባይ «የፍሰት ሥርዓት» ይሉታል። ሐሳቡን ለመረዳት ባሮን ተከትለን እስከ ግብጽ እንወርዳለን፤ በሉክሶርና በአስዋን መካከል መንገደኞች በመርከብ የሚጎበኟቸውን ቤተ መቅደሶችና መቃብሮችም እናያለን። የጋምቤላ ወደብም ሆነ የፈርዖኖቹ ሐውልቶች የተሠሩት ለአንድ ዓይነት ወንዝ ነው፤ በክረምት ለሚሞላ ወንዝ።

ደመወዝተኛውና ገበሬው

ሁለት ቤተሰቦች እናስብ። የሁለቱም የዓመት ገቢ እኩል ነው። አንዱ ቤተሰብ በደመወዝ ይተዳደራል፤ ወር በገባ ቁጥር ተመሳሳይ ብር ይገባል። ሌላው ገበሬ ነው፤ የዓመቱ ገቢ በመኸር አንዴ ይመጣል። ገበሬው ሰርጉን የሚደግሰው፣ ዕዳውን የሚከፍለው፣ ቤቱን የሚያድሰው እህሉ ሲገባ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲደርሱ እጁ ያጥራል። ስለዚህ ጎተራ ይሠራል። ጎተራ የመኸርን ሀብት ወደ ክረምት የሚያሻግር ዕቃ ነው። ገቢያቸው እኩል ሆኖ ሳለ የሁለቱ ቤተሰቦች ሕይወት ፈጽሞ የተለያየ ነው።

የናይል ገባር ወንዞችም እንዲሁ በሁለት ይከፈላሉ። ከታላላቆቹ የምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ተነሥቶ በደቡብ ሱዳን የሱድ ረግረግ አቋርጦ የሚወጣው ውሃ ደመወዝተኛው ነው። ሐይቆቹና ረግረጉ ስላረጋጉት መጠኑ ከወር ወር ብዙም አይለዋወጥም። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ዐባይ፣ ተከዜና ባሮ ደግሞ ገበሬዎቹ ናቸው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከ80 በመቶ በላይ የሚሄደው ከእነዚህ ነው፤ አብዛኛውም የሚወርደው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ዐባይ በተፈጥሮ ፍሰቱ በነሐሴ የሚያወርደው ውሃ በበጋው መጨረሻ ከሚያወርደው ከ30 እጥፍ በላይ ነው።

የባሮ ታሪክ ትንሽ ይለያል። ብርብርና ገባ የተባሉት ወንዞች በምዕራብ ኢትዮጵያ ደጋ ተገናኝተው ባሮን ይወልዳሉ። ባሮ ከጎሬ አካባቢ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ከሚጠጋው ምድር፣ ወደ ጋምቤላ ሜዳ ይወርዳል፤ ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ በ500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በኋላ መሬቱ ጠረጴዛ ይመስል የተዘረጋ ነው። ወንዙ ሲሞላ ከዳሩ እየፈሰሰ ሜዳውንና ረግረጉን ያለብሳል። ሙላቱ ጋምቤላ ላይ በነሐሴና በመስከረም ከፍ ሲል፣ ባሮ ከፒቦር ወንዝ ጋር ተቀላቅሎ ሶባት ከሆነና ከነጭ ዐባይ ጋር ከተገናኘ በኋላ ግን ከፍተኛው ውሃ የሚታየው በጥቅምትና በኅዳር ነው። ሜዳው ጎተራ ሆኖ ውሃውን ለሳምንታት ያቆየዋል ማለት ነው። ሶባት በዓመት ወደ ነጭ ዐባይ የሚያስገባው ውሃ ከ13 ቢሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ነው፤ ይህም በማላካል ከተማ በኩል ከሚያልፈው የነጭ ዐባይ ውሃ ግማሽ ይጠጋል። ይህን መዘግየት አንባቢ ይያዝልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በክረምት የሚከፈት ወደብ

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ዳግማዊ ምኒልክና የእንግሊዝ መንግሥት አዲስ አበባ ላይ አንድ ስምምነት ተፈራረሙ። ከአንቀጾቹ በአንዱ ምኒልክ በኢታንግ አካባቢ፣ በባሮ ዳር፣ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ፈቀዱ። የወንዝ ዳርቻው ከ2000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱም ከ400 ሄክታር አይበልጥም፤ ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ አይውልም። የተመረጠው ቦታ ጋምቤላ ሆነ። ወደብ የሌላት የምትመስለው ምዕራብ ኢትዮጵያ የራሷን ወደብ አገኘች።

ከካርቱም እስከ ጋምቤላ በወንዝ 1300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መርከቦቹ ከሥር ጠፍጣፋ፣ በእንፋሎት የሚሠሩ፣ በግራና በቀኝ የጭነት ጀልባ አስረው የሚጓዙ ነበሩ። ጥልቅ ውሃ ባይፈልጉም በበጋው ባሮ ላይ ግን መሄድ አይችሉም ነበር። ስለዚህ ወደቡ ከሰኔ እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴም እስከ ኅዳር መጀመሪያ ብቻ ይሠራ ነበር። ውሃው ሳይጎድል ያልወጣ መርከብ አሸዋ ላይ ተቀምጦ የሚቀጥለውን ክረምት ለመጠበቅ ሊገደድ ይችል ነበር።

ወንዙ ሳይለመድ በፊትም ይህ ሕግ ታይቶ ነበር። የፈረንሳዩ መኮንን ማርሻን በነጭ ዐባይ ዳር ያለችውን ፋሾዳን ለእንግሊዞች ለቆ በታኅሣሥ 1891 ዓ.ም. ሶባትንና ባሮን ሽቅብ ሲጓዝ «ፌዴርብ» የተባለችውን የእንፋሎት ጀልባውን ባሮ ላይ ትቶ በእግሩ ወደ ጎሬና አዲስ አበባ ቀጠለ። ታኅሣሥ ባሮ የሚጎድልበት ወር ነው።

የጋምቤላ ንግድ ትልቁ ችግር የጭነቱና የመርከቡ ወቅት ተቃራኒ መሆኑ ነበር። ከወደቡ የሚወጣው ዋና ዕቃ ቡና ነበር፤ ቆዳና ሰምም ይከተሉ ነበር። ቡናው የሚለቀመው ከመስከረም ወዲህ፣ ዝናቡ ሲያባራ ነው። ከጎሬና ከአካባቢው የሚነሡት ሲራራ ነጋዴዎች በቅሎና ተሸካሚ ይዘው ቁልቁል ሊወርዱ የሚችሉትም ጭቃው ሲደርቅና ወንዞቹ ሲሻገሩ፣ ማለትም በበጋ ነበር። መርከቡ ግን የሚመጣው በክረምት ነበር። ስለዚህ በበጋ የወረደው ቡና እስከ ክረምት ይቀመጥ ነበር፤ በክረምት ከሱዳን የመጣው ጨውና ጨርቅ ደግሞ ወደ ደጋ እስኪወጣ በጋን ይጠብቅ ነበር። ጋምቤላ ላይ ከመርከብ ማረፊያው እኩል መጋዘን ያስፈለገው ለዚህ ነው። ከተማዋ ሁለት የማይገናኙ ወቅቶችን የምታገናኝ ጎተራ ነበረች።

ኪራዩ የሚጸናው ሱዳን በእንግሊዝና በግብጽ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ ነበርና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነፃ ስትወጣ ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ የመኪና መንገድ መስፋፋትና በሱዳን የተነሣው ጦርነት የመርከቡን ጉዞ አስቀሩት።

ሙላት የቀየሰው አገር

አሁን ወደ ግብጽ እንውረድ። ከሉክሶር እስከ አስዋን የሚደረገው የመርከብ ጉብኝት ከ200 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ አብዛኛውን ጊዜም ሦስት ወይም አራት ሌሊት ይወስዳል። ሉክሶር ላይ የካርናክና የሉክሶር ቤተ መቅደሶች በምሥራቅ ዳርቻ አሉ። በምዕራብ በኩል የንግሥት ሐትሼፕሱት ቤተ መቅደስና፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የቱታንካሙን መቃብር የተገኘበት የነገሥታት ሸለቆ ይታያሉ። ወደ ደቡብ ሲቀጥሉ ኤስና፣ ኤድፉ፣ ኮም ኦምቦ፣ በመጨረሻም አስዋንና የፊላይ ቤተ መቅደስ ይከተላሉ።

ጎብኚው ይህን ሁሉ ከመርከቡ ላይ ሲያይ ወንዙ ከዳሩ ሳይነቃነቅ፣ ለምለሙ እርሻ ከውሃው አጠገብ ተነጥፎ ያገኘዋል። ቤተ መቅደሶቹ ሲሠሩ ግን እንዲህ አልነበረም። በየዓመቱ በሐምሌ ውሃው መጨመር ይጀምራል፤ በነሐሴ መጨረሻና በመስከረም እርሻው በሙሉ ከውሃ በታች ይሆናል፤ በጥቅምትና በኅዳር ይመለስና ጥቁር ደለል ትቶ ይሄድ ነበር። የጥንት ግብጻውያን ዓመታቸውን በሦስት ወቅት ከፍለው የመጀመሪያውን የሙላት ወቅት አደረጉት።

የሕንፃዎቹ አቀማመጥ የሚገባን ይህን ስናውቅ ነው። መንደሩ ጉብታ ላይ ይሠራል። ቤተ መቅደሱ ከወንዙ ብዙም ሳይርቅ፣ ጀልባ ሊያደርሰው በሚችል ቦታ ይቆማል። የነገሥታቱ መቃብሮች ግን ከእርሻው ባሻገር፣ ሙላቱ ፈጽሞ በማይደርስበት ደረቅ ተራራ ውስጥ ተፈልፍለዋል፤ አስከሬንና እንጨት፣ ጨርቅና ቀለም ሦስት ሺህ ዓመት የቆዩት በዚህ ድርቀት ነው። ሦስተኛው አሜንሆቴፕ ግን የመታሰቢያ ቤተ መቅደሱን ከእርሻው መሬት ላይ ስለሠራው ውሃው በየዓመቱ ይደርስበት ነበር። ዛሬ ከዚያ ሰፊ ግቢ ፊት ለፊት ጎልተው የሚታዩት ወደ 18 ሜትር የሚጠጉት ሁለት የተቀመጡ ሐውልቶች ናቸው።

በካርናክ ታላቁ አዳራሽ 134 ዓምዶች አሉ። የዓምዶቹ ቅርጽ ለእኛ እንግዳ መሆን የለበትም፤ በጣና ታንኳ የሚሠራበት የደንገል ተክል ነው። ከሙላት ውስጥ የሚበቅለውን ተክል በድንጋይ አቁመውታል። ሉክሶር ቤተ መቅደስ ውስጥ ደግሞ በሦስተኛው ኦሶርኮን ዘመን የተጻፈ ጽሑፍ በአንድ ዓመት ሙላቱ ከልክ አልፎ ቤተ መቅደሱን እንዳጥለቀለቀው ይናገራል።

ድንጋይ የሚጫነው ውሃ ሲሞላ ነው

እ.ኤ.አ. በ2013 ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ፒየር ታሌ የሚመራው ቡድን በቀይ ባሕር ዳር፣ ዋዲ አልጃርፍ በተባለ ቦታ፣ እስከ ዛሬ ከተገኙት ጽሑፍ ካላቸው ፓፒረሶች (የደንገል ወረቀቶች) ሁሉ የሚቀድሙትን አገኘ። ከመካከላቸው መረር የሚባል የጀልባ አለቃ የያዘው የሥራ መዝገብ ይገኛል። ዘመኑ የንጉሥ ኩፉ፣ ማለትም ከ4500 ዓመት በፊት ነው። መረርና ሰዎቹ ከቱራ የኖራ ድንጋይ እየጫኑ ታላቁ ፒራሚድ ወደሚሠራበት ወደ ጊዛ ያመላልሱ ነበር። በአሥር ቀን ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይመላለሳሉ፤ የሚጓዙትም ውሃው ከፍ ባለበት ወቅት፣ ወንዙንና ቦዮችን ተከትለው ነው።

ይህ የጋምቤላ ነጋዴ አሠራር ነው። ድንጋዩ በበጋም ሊፈለጥ ይችላል፤ ወደ ግንባታው ቦታ ቀርቦ የሚራገፈው ግን ሙላቱ ውሃውን ወደ ዳር ሲያቀርበው ነው። ዘመኑ፣ ዕቃውና ሕዝቡ ይለያያል፤ ቡናም ሆነ ድንጋይ ግን የሚጠብቀው የኢትዮጵያን ክረምት ነው።

ክንድ በክንድ

ገቢው በዓመት አንዴ የሆነ ሰው ምርቱን አስቀድሞ መገመት ይፈልጋል። ግብጻውያንም በየቤተ መቅደሱ የውሃ መለኪያ ሠሩ። በአስዋን ዝሆን ደሴት፣ በፊላይ፣ በኮም ኦምቦና በኤድፉ እስካሁን የሚታዩት እነዚህ መለኪያዎች ወደ ወንዙ ውሃ የሚወርዱ ደረጃዎች ወይም ጉድጓዶች ናቸው፤ ግድግዳቸው በክንድ ተከፋፍሏል። አንድ የግብጽ ንጉሣዊ ክንድ 52 ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ያህል ነው። የካርናክ የጀልባ ማረፊያ ግንብም የተለያዩ ነገሥታት ዘመን የሙላት ከፍታ ተቀርጾበታል። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደመዘገበው ውሃው 12 ክንድ ብቻ ሲወጣ ረሃብ፣ 16 ሲደርስ ጥጋብ ይሆናል። የግብር ልክም የሚገመተው በዚሁ ነበር።

መለኪያው የነበረው ግብጽ፣ ዝናቡ ያለው ኢትዮጵያ ነው። ስለዚህ የግብጽ ቄስ ሙላቱን የሚያውቀው በሩ ላይ ሲደርስ ብቻ ነበር። ይህ የተለወጠው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው። የጋምቤላ ጣቢያ ከተከፈተ በኋላ የባሮ ውሃ ከፍታ እዚያው በመደበኛነት መመዝገብ ጀመረ፤ የናይልን ውሃ የሚያጠኑ መሐንዲሶችም መዝገቡን ተጠቀሙበት። በዝሆን ደሴት ደረጃ ላይ የተጀመረው ሥራ ጋምቤላ ደረሰ ማለት ይቻላል።

ጎተራው ሲሠራ

በዚያው እ.ኤ.አ. በ1902፣ የጋምቤላ ስምምነት በተፈረመበት ዓመት መጨረሻ፣ እንግሊዞች አስዋን ላይ የመጀመሪያውን ግድብ መረቁ። ግድቡ ዋናውን ሙላት ከነደለሉ ያሳልፋል፤ በሮቹ የሚዘጉት ሙላቱ ካለፈ በኋላ፣ ከኅዳር ወዲህ ነበር። አሁን ቀደም ሲል አንባቢ እንዲይዝልኝ የጠየቅሁትን መዘግየት እናስታውስ። የጋምቤላ ሜዳ ያቆየው የባሮ ውሃ ከዐባይ ሙላት ኋላ ቀርቶ የሚደርሰው በዚሁ ጊዜ ነው። ግድቡ ከሚያጠራቅመው ውሃ የባሮ ድርሻ ቀላል አልነበረም። የ1902ቱ ስምምነት ሌላው አንቀጽ ያለ እንግሊዝና ሱዳን ስምምነት ፍሰታቸው እንዳይገደብ ከጠቀሳቸው ውሃዎች መካከል፣ ከዐባይና ከጣና ጋር፣ ሶባት በስሙ መገኘቱ አያስገርምም።

ያ የተጠራቀመ ውሃ የፊላይን ቤተ መቅደስ በየዓመቱ ለብዙ ወራት አጠለቀው። የአገራቸውን ብርድ ሸሽተው ከአውሮፓ የሚመጡ ጎብኚዎች በጀልባ በዓምዶቹ መካከል ይቀዝፉ ነበር። ቶማስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1869 የመጀመሪያዎቹን መንገደኞች ወደ ናይል ከወሰደ በኋላ የተስፋፋው የመርከብ ጉብኝት የሚደረገውም በእነዚሁ የበጋ ወራት ነበር። በካርናክና በኤድፉ ፊት መርከቦቹን ካንሳፈፈው ውሃ አንዱ ክፍል ጋምቤላ ድልድይ ዛሬ ባለበት በኩል ያለፈ ነው።

ትልቁ ለውጥ የመጣው እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1970 በተሠራው በአስዋን ከፍተኛ ግድብ ነው። ይህ ግድብ የአንድ ዓመት ሙላትን ሙሉ በሙሉ ይዞ ለሌላ ዓመት ጭምር ማሻገር የሚችል ጎተራ ነው። ውሃው ሊውጣቸው የነበሩትን ሐውልቶች ለማዳን ዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ጥሪ አቀረበ፤ የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 ተቆርጦ ከ60 ሜትር በላይ ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወረ፤ ፊላይም በአቅራቢያው ወዳለች አጊልኪያ ደሴት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ሙላት ሉክሶርን አይጎበኝም። ገበሬው ወንዝ ግብጽ ሲደርስ ደመወዝተኛ ሆኗል። የጉብኝት መርከቦች ዓመቱን ሙሉ የሚመላለሱት በዚህ ምክንያት ነው። ዋጋም ተከፍሎበታል፤ ለእርሻው በየዓመቱ ይመጣ የነበረው ደለል ከግድቡ ጀርባ ይቀራል፤ የከርሰ ምድር ውሃና ጨው ደግሞ የቤተ መቅደሶቹን ድንጋይ ከሥር ይበላል።

የጥንቱ ወንዝ ዛሬ የት አለ?

የጥንት ግብጻውያን የሚያውቁትን ዓይነት ወንዝ ዛሬ በሕይወት ማየት የሚፈልግ ሰው ሉክሶር ላይ አያገኘውም፤ ጋምቤላ ላይ ግን ያገኘዋል። የአኙዋ ገበሬዎች ባሮ ሲጎድል በለቀቀው እርጥብ ዳርቻ ላይ በቆሎ ይዘራሉ። የኑዌር ከብት አርቢዎች ሙላት ሲመጣ ከብቶቻቸውን ወደ ከፍታ ያወጣሉ፤ በበጋ ወደ ወንዝ ይመለሳሉ። በኮም ኦምቦ ሶቤክ በሚል ስም ይመለክ የነበረው አዞ ከግድቡ በታች ካለው የግብጽ ናይል ሲጠፋ ባሮ ውስጥ ግን አሁንም አለ። ይህ ሁሉ የተመሠረተው ወንዙ ሞልቶ መጉደሉን ባለመርሳቱ ላይ ነው።

ስለዚህ በባሮ ላይ ግድብ፣ ሰፊ እርሻ ወይም የመንገደኛ መርከብ የሚያቅድ ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የወር በወር መዝገቡን ያውጣ። የዓመቱ ድምር ብቻ ከታየ፣ ውሃውን አንድ ጠብታ ሳይቀንሱ ወቅቱን በማዛባት ብቻ የዳርቻውን በቆሎ፣ የሜዳውን ግጦሽና የረግረጉን ዓሣ ማጥፋት ይቻላል። በየወንዞቻችን ዳር የውሃ ከፍታን በየቀኑ የሚመዘግቡ ሰዎች ሥራቸው ትንሽ እንዳይመስላቸው፣ እኛም እንዳንንቀው። ያለ እነሱ መዝገብ ስለ ወንዞቻችን የምንናገረው ሁሉ ግምት ነው። ወንዙ ከውሃው ጋር ይዞት ስለሚሄደው አፈር በሚቀጥለው ምዕራፍ እናያለን።